የጢስ ቆጣሪዋ አደራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያስረከብኩት ንብረት አንድ ገጽ አልሞላም። አንድ መሰላል፣ የመፍቻ ስብስብ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሁለት ለስላሳ ብሩሾች፣ እና «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ካርቶኑን ከፈተችና በሁለት ጣቷ አንድ የደረቀ ነገር አንስታ አሳየችኝ።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ይሄ ቅጠል ምንድነው?»

«እሱ የኔ ነው። ከመንግሥት ዕቃ ጋር አይቆጠርም» ብዬ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሳቀች። ፈረምኩ። የዕድሜ ልክ ሥራ በዚያው አለቀ። መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ቅጠል ነው፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ ነገሩ አይገባም።

የተወለድኩት ሆሳዕና ዙሪያ ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ስለሆነ ዛሬም ስቆጣ ሀዲይኛው ይቀድመኛል። ሥራ የጀመርኩት የአየር ጠባይ ተመልካች ረዳት ሆኜ ሲሆን አለቃዬ ጋሽ ጥላሁን ይባሉ ነበር። ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና የቀሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የሙቀት መለኪያዎቹ ወደሚቀመጡበት ነጭ የእንጨት ሳጥን አብረን እንሄዳለን። እኔ በሩን ለመክፈት ስቸኩል እሳቸው ጀርባቸውን ለሳጥኑ ሰጥተው ይቆማሉ። ሰማዩን ያያሉ። አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው ያሸታሉ። ከዚያ ደብተራቸውን ያወጡና «ተራራው አይታይም። ጉም። ነፋስ የለም። የእርጥብ እንጨት ጢስ ይሸታል» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ሳይጽፉ ሳጥኑን ሲከፍቱ አይቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ብርዱ ሲብስብኝ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይሄ ሁሉ መቆም ምን ያደርግልናል?»

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ይተዋል። ስለዚህ አስቀድሜ ዓይኔን እጠይቀዋለሁ።»

እኔ በልቤ ሰውዬው ብርድ ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት። ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ መለኪያ ለጥቂት ቀናት ያው አንድ ቁጥር ካሳየ ተነሥተው ሄደው በጣታቸው ይነኩታል፣ ይከፍቱታል፣ ይነቀንቁታል። ዝም ያለ መሣሪያ ሰላም አይሰጣቸውም ነበር። እሳቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ለቅሷቸው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀስኩት ገና ምን እንዳስተማሩኝ ሳይገባኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ዞርኩ። ጃጁራ ዝናብ ለክቻለሁ። ዳምቦያ ላይ ገበያተኛው አህያውን የዝናብ መለኪያዬ እንጨት ላይ እያሰረ፣ መለኪያው ዘምሞ፣ እኔ በየገበያው ቀን ማቃናት ሥራዬ ሆኖ ነበር። አንጋጫ ላይ የነፋስ መለኪያ ስጠግን ከመሰላል ወድቄ የግራ እጄ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። ስለ ደመወዙ አታንሱብኝ፤ ልጆቼ ተምረውበታል፣ ይበቃል። አለቆችም ብዙ ተፈራረቁብኝ። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ሰርኩላር ይወዳል፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥሩ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ ደብዳቤ መፍራቱ ብቻ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ነው ጢስ ቆጣሪዎቹ የመጡት። ወጣቶች ከአዲስ አበባ ይዘዋቸው መጥተው ለእኛ ለጥቂት ሠራተኞች ሥልጠና ሰጡን። እኔ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሰው ነኝ፤ ሌዘር የሚባል ነገር ስሰማ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ዕቃዋ ስትከፈት ግን ወንበሬን መልሼ አቀረብኩ።

በሣር ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ በግድግዳው ቀዳዳ ስትገባ በጨረሯ ውስጥ አቧራና ጢስ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጨረሩ ከሌለ ያው ብናኝ ቤቱን ሞልቶም አይታይም። ዕቃዋ የምትሠራው ይህንኑ ነው። መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አየሩ በጨለማው ክፍል ሲያልፍ ቀጭን የሌዘር ጨረር ያቋርጠዋል። ብናኝ ጨረሩን ሲነካ ብልጭ ይላል፣ በጎን ያለችው የብርሃን ዓይን ብልጭታውን ትቆጥራለች። ከብልጭታውም ብናኙ ደቃቅ ይሁን ሻካራ ትገምታለች። በጣም የምንፈልገው ደቃቁን ነው። ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል፣ አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። የተቆጠረው በውስጧ ባለው ሲም ካርድ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ቢሯችን ኮምፒውተር ይመጣል። ወጣቶቹ ረጅም ስም ሰጥተዋት ነበር። እኛ ጢስ ቆጣሪ አልናት፣ በዚያው ቀረ።

ጉድለትም አላት። ጉምን ከጢስ አትለይም፤ የጉም ጠብታም ጨረሩ ላይ ብልጭ ስለሚል እኩል ትቆጥረዋለች። የመጀመሪያዋን ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ጣሪያ ላይ በሰቀልኩ ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ደንግጬ ኃላፊውን ጠራሁ፣ ኃላፊው ስልክ ደወለ፣ ሰው ተሯሯጠ። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ቁጥሩም አብሮ ወረደ። ለሳምንታት በቢሮው «ኤርሲዶ ለጉም እሳት አደጋ ሊጠራ» እየተባለ ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የእርጥበቱን ልኬት ከጎን ሳላይ ምንም አላምንም ነበር። ሸረሪትም ትወዳታለች፤ አየር መግቢያው ላይ ድሯን ታደራለች፣ ማራገቢያው ይታነቃል። ብሩሾቹ ለዚህ ናቸው። አፏን ወደ መሬት አዙሮ፣ ከወጥ ቤት አርቆ፣ ሰው በማይደርስበት ግን የሰው አየር በሚያልፍበት ከፍታ መስቀል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ያንን ሙያ በደንብ ቻልኩት፤ ወደ ጥፋቴ የወሰደኝም ይኸው ቻልኩ ማለቴ ነው።

ከአንጋጫ ወዲያ አንዲት የገበያ ከተማ አለች። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የከተማዋ አይደለም። እዚያ የአንደኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት አማረች የምትባል ሴት ማመልከቻ ጻፈችልን። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ጉድጓድ አለ፤ በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ የገበያው ጥራጊ ይቃጠልበታል። ጢሱ ክፍል እየገባ ልጆቹ ይስላሉ፣ መስኮቱ በሚስማር ተመቷል፣ በጨለማ ነው የሚማሩት። ጉድጓዱ እንዲነሣ ብትጠይቅ ከተማው ማስረጃ አምጪ አላት። ማስረጃውን ከእኛ ፈለገች።

ሄጄ አንዷን ጢስ ቆጣሪ በክፍሉ ኮርኒስ ጠርዝ ሥር ሰቀልኩ። ጥበቃው አቶ ላሬቦ መሰላሉን ያዙልኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አማርኛቸው የከምባትኛ ዜማ አለው።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ምን ትበላለች?»

«መብራት ብቻ።»

«ዝናብስ?»

«ዝናብ እንዳይነካት ይጠብቁልኝ። የመንግሥት ንብረት ናት፤ አደራ ብያለሁ።»

«አደራ ካሉኝ ጨረሱ» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን አላረምኳቸውም፣ ደስ ይላል። ስለ ዝናብ ነገርኳቸው፣ ስለ ልጆች ድንጋይ ነገርኳቸው። እንደምትተነፍስ ግን አልነገርኳቸውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገበያዎች ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ ከፍ አለ። የበልጉ ዝናብ እየገባ ስለነበር እርጥበቱም ከፍ ያለ ነው። የመናኸሪያው ጉም ትዝ አለኝ። ሁለተኛ አይሳቅብኝም ብዬ «እርጥበት ሊሆን ይችላል» የሚል ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ቁጥሩ ወረደ፣ ወርዶም ተኛ። ገበያ ቢሆን ባይሆን ያው ነው። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል፣ ኃላፊው ውጤቱን ይጠይቃል፣ የግራ እጄም ያመኛል። ሰበብ አላጣሁም። ቢሮዬ ተቀምጬ የትምህርት ቤቱ አየር ንጹሕ ነው የሚል ደብዳቤ አዘጋጀሁ፤ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ።

በልጉ ሲያልቅ አንድ ጠዋት መምህርት አማረች ራሷ ቢሮዬ ገባች። ዕቃዋን የሰቀልኩት ትምህርት በሌለበት ቀን ነበርና ሳያት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ትንሽ ሰው ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም።

«ደብዳቤዎን ስብሰባ ላይ አነበቡት» አለች። «ሳይንስ ዋሸ ነው የምትይው? ብለው ሳቁብኝ። እኔ ስለ ሳይንስ አላውቅም። ይሄን ግን ይዩልኝ።»

ጠረጴዛዬ ላይ የልጆች ደብተር አስቀመጠች። ከፈትኩት። በየገበያው ቀን ቀኑና ሰዓቱ፣ ከሥሩ በእርሳስ አጭር ጽሑፍ አለ። «ጢስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። ሰሌዳው አይታይም።» «ነፋሱ ወደ እኛ ነው። ስድስት ልጆች ወደ ቤት ላክሁ።» «ዛሬ ዝናብ ስለነበር አልተቃጠለም። ልጆቹ ዘመሩ።»

የጋሽ ጥላሁንን ደብተር ያገኘሁ መሰለኝ፤ ያው እርሳስ፣ ያው አጭር ዓረፍተ ነገር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቀኖቹን አንድ በአንድ ከቁጥሩ ጋር አስተያየሁ። እሷ ሰሌዳው አይታይም ባለችበት ሰዓት የኔ ቁጥር ተኝቷል። ልጆቹ በዘመሩበት ቀንም ተኝቷል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ገበያዎች ወዲህ አንዴም አልተነቃነቀም። ጋሽ ጥላሁን ቢሆኑ በሳምንቱ ሄደው በጣታቸው ይነኩት ነበር።

«መቼ ነው የሚቀጥለው ገበያ?» አልኳት።

«ነገ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ። ግቢው ስደርስ ጢሱ ጀምሮ ነበር። ወደ መሣሪያዋ አልሄድኩም። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ቆምኩ፣ አሸተትኩ፣ ዓይኔ አነባ። እርጥብ ቅጠል ከፌስታል ጋር ሲጨስ የሚወጣው ዓይነት ጢስ ነው፤ ነጭ፣ ከባድ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ። ከክፍሉ ውስጥ ሳል ይሰማል። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ከዚያ ዞርኩና ቀና አልኩ።

ጢስ ቆጣሪዋ የለችም። በቦታዋ አንድ አረንጓዴ ጥቅልል ተንጠልጥሏል። በእንሰት ቅጠል ድርብርብ ተደርጋ ተጠቅልላ፣ በቃጫ ግራና ቀኝ ታስራ፣ ለሩቅ ዘመድ እንደሚላክ ቅቤ ተሰናድታለች።

አቶ ላሬቦ ደስ ብሏቸው መጡ። «እንኳን መጡ ኢንጂነር! ያው እንዳስረከቡኝ ናት። በሦስተኛው ሳምንት በረዶ ጣለ፤ ሮጬ ጠቀለልኳት። ቅጠሉ ሲደርቅ በሌላ እቀይራለሁ። አንድ ጠብታ አልነካትም።»

እኛ አገር ውድ ነገር ሁሉ በእንሰት ቅጠል ነው የሚጠቀለለው። ቅቤው፣ ቆጮው፣ ዳቦው፣ ለበዓል የሚላከው ሥጋ። ሰውየው መንግሥት አደራ ላላቸው ዕቃ የሚያውቁትን ትልቁን ክብር ሰጥተዋታል። እሷም ሦስት ወር ሙሉ በቅጠሉ ውስጥ ያንኑ የታሰረ አየር እየደጋገመች ስትስብ፣ ብናኙ እየረገፈ፣ ንጹሕ ነው እያለች ለእኔ ስትልክ ኖራለች።

ልቆጣ ፈለግሁ፤ የምቆጣበት ሰው ግን አልነበረም። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ማሰሪያውን ፈታሁ።

«አቶ ላሬቦ፣ ይቺ ዕቃ ትተነፍሳለች። የምትቆጥረው የምትተነፍሰውን ነው።»

ቆባቸውን አወለቁ። «ታዲያ አፍኛት ኖሯል?»

«እርስዎ ዕቃ ነው ያፈኑት፤ ያውም እኔ ስላልነገርኩዎት። ልጆቹን በፊርማዬ ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

መምህርት አማረች ክፍሏን ለረዳቷ ትታ ወጥታ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየኋት። ቅጠሉ ከወረደ ጥቂት ደቂቃ አልሆነውም፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ነፋሱ ሲዞር ትንሽ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ አየችው። «አሁን ተናገረች» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከቅጠሉ ላይ መዳፍ የምታህል ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ።

ሆሳዕና ተመልሼ ለኃላፊው ነገርኩት። «የወጣ ደብዳቤ እኮ ነው፣ ጋሽ ኤርሲዶ» አለኝ ግንባሩን ይዞ። «ጡረታዎ ደርሷል። አዲስ ልኬት ተወሰደ ብለን ዝም ብለን ብንጽፍስ?» ለእኔ አዝኖ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንዲያ ብንጽፍ ሴትዮዋ ያን ጊዜ ዋሽታ አሁን ዕድል የቀናት ትመስላለች። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስሕተት እንደሆነ፣ ስሕተቱም የባለሙያው እንደሆነ የሚል ደብዳቤ አርቅቄ ፊቱ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ብዕሩን ፈለገ።

ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም ብዬ ወደ ከተማዋ ስብሰባ እኔም ሄድኩ። ከዚያ በፊት ግን ለአንድ ወር ሁለት ጢስ ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ሰቅዬ አንዷን በሌላዋ አጣራሁ፤ እርጥበቱን ለይቼ አወጣሁ፣ ከመምህርቷ ደብተር ጋር ቀን በቀን አስተያየሁ። አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ የቅጠሉን ነገር ስናገር ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ማሽኑ ብርድ በርዶት ነው!» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ «መምህርት አማረች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቷን ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቃት እዚሁ እናንተ በሳቃችሁባት ቦታ ነው» አልኩ። እሷ አንገቷን ደፍታ መሐረቧን ታጥፍና ትዘረጋ ነበር።

ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሣ። ከጥራጊው አብዛኛው ቅጠል መሆኑን፣ ቅጠል ደግሞ ለእንሰት ሥር ፍግ እንጂ ማገዶ እንዳልሆነ ተናገረ። «ለምን ታቃጥሉታላችሁ? ለእኛ ስጡን» አለ። ውሳኔው የተገኘው ከዚያ ሰው ነው፤ ከሌዘሩ አይደለም። ሌዘሩ ያደረገው ሰዎቹን ስለ አንድ ነገር ማነጋገር ነው። ቅጠሉን ገበሬዎቹ ሊወስዱ፣ ፌስታሉ ተለይቶ ከከተማ ወጥቶ ሊቀበር፣ ጉድጓዱ አፈር ሊለብስ ተስማሙ። በአንድ ቀን አልሆነም፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ክብሪት የሚቀናው አይጠፋም። ግን ሆነ።

ባለፈው ወር፣ ጡረተኛ ሆኜ፣ በገበያ ቀን ሄድኩ። የሄድኩት ማንም ልኮኝ አልነበረም። አቶ ላሬቦ በሩ ላይ ተቀበሉኝና በቀጥታ ወደ ጢስ ቆጣሪዋ ወሰዱኝ። አፏ ንጹሕ ነው፤ ሸረሪት እንዳያደራባት በየሳምንቱ በዶሮ ላባ ይጠርጉላታል። «ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማታለሁ። ማራገቢያዋ ሲያቃስት ለቢሮ እደውላለሁ» አሉኝ። ከኔ በኋላ የተተካው ባለሙያ ከእሳቸው የተሻለ ጠባቂ በየትኛውም ከተማ እንደሌለው ነግሮኛል።

ከዚያ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ስምንት ሰዓት አልፏል። የገበያው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። የሚሸት ነገር የለም፣ ከእርጥብ ሣር በቀር። ስዞር የአንደኛ ክፍል መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስማሮቹ የተነቀሉበት ቀዳዳ በጣውላው ላይ ይታያል። ልጆቹ ፊደል እየጮሁ ይቆጥራሉ፣ የሚስል አልሰማሁም። መምህርት አማረች በመስኮቱ አየችኝና ጠመኔ የያዘ እጇን አንሥታ ሰላም አለችኝ፤ ልጆቹም ዞረው አብረው እጃቸውን አነሡ። ዓይኔ አነባ፤ ዛሬ ጢሱን አላሳብብበትም።

ልሄድ ስል አቶ ላሬቦ ከጥበቃ ቤታቸው አንድ ጥቅልል ይዘው ወጡ። ትኩስ የእንሰት ቅጠል፣ ግራና ቀኝ በቃጫ የታሰረ። ለባለቤቴ የተላከ ቅቤ ነው። በሁለት እጃቸው ሰጡኝና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ይሄኛው አይተነፍስም፣ ኢንጂነር» አሉኝ። «ስለዚህ ጥብቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት።»

«አቶ ላሬቦ፣ እኔ እኮ ኢንጂነር አይደለሁም» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስብሰባው ላይ ተሳሳትኩ ሲሉ ነው ያወቅሁት።»

ሚኒባስ ውስጥ ጥቅልሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ እስከ ሆሳዕና ሄድኩ።